ዓይነ ስውሯን የልጅ ልጄን በሥዕል ስለ ፈተነው ማዕከል

ይድረስ ለአካል ጉዳተኞች የሙያ ማሠልጠኛ ማዕከል ክቡር ኃላፊ፣
ጎንደር

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ ይብዛ፤ ጉልበትዎም እንደ እኔው አይክዳዎ። የድብ ባሕሩ ሽማግሌ ቢያዝን ነኝ። የልጅ ልጄ ጽጌሬዳ ዓይነ ስውር መሆኗን ማዕከልዎ ራሱ መዝግቦ እያወቀ፣ የሙያ ዝንባሌዋን በሥዕል ስለ ፈተነልኝ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ ብዕር አነሣሁ።

አንደኛ፣ ከሥዕሎቹ የምትወደውን እንድትመርጥ በታዘዘች ጊዜ፣ ፈታኙ አቶ አስናቀው «አያ ቢያዝን፣ እስቲ እርስዎ ይንገሯት» ብለው ሻይ ሊጠጡ ስለ ወጡ እግዜር ይስጥልኝ። ሻዩ ሳይጣፍጥ አልቀረም፤ ቆዩ።

ሁለተኛ፣ እኔም ነገርኋት። ሹራብ የምትሠራዋን ሴት፣ ደጃፏ ላይ ፀሐይ እየሞቀች፣ ቤተሰቧ ከብቧት፣ እያልሁ አሳመርሁላት፤ ሥዕሉ ላይ ግን ከሴትዮዋና ከክሩ በቀር ምንም አልነበረም። ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠችውን ደግሞ «አንዲት ምስኪን ግድግዳ ላይ አፍጥጣለች» አልኋት። ጽጌሬዳ ከት ብላ ሳቀችና ሹራቡን መረጠች። እኔም አብሬ ሳቅሁ። የሹራቡ ሥልጠና እዚሁ ድብ ባሕር፣ የኮምፒውተሩ ግን እዚያ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ቤት ተከራይታ እንደሚሆን አስቀድሜ ሰምቼ ነበር።

ሦስተኛ፣ ውጤቱን «ከፍተኛ የሹራብ ዝንባሌ» ብለው ማኅተም ስለ መቱበት አደንቃለሁ፤ የተለካው ግን የእኔ ዝንባሌ ነው፤ ከዓይኔ እንዳትርቅብኝ። ትናንት ኮምፒውተር የተጻፈውን ለዓይነ ስውራን በድምፅ እንደሚያነብ ከሬዲዮ ሰምታ «ምነው አባባ፣ ይሄ ከሥዕሎቹ መካከል አልነበረም?» ብትለኝ የምገባበት ጠፋኝ። እውነቱን ነገርኋት። አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ የኮምፒውተሩ ምዝገባ ዓርብ ሳይዘጋ፣ ጽጌሬዳን ቃል በቃል በአፍ እየጠየቁ እንደገና እንዲፈትኑልኝ፣ እኔንም ከግቢው በር ውጭ እንዲያቆሙልኝ ዝቅ ብዬ እለምናለሁ።

ሥራዎን ባያሠሩኝ ኖሮ በደሌን የማላውቀው፣ ውለታዎን እስከ መቃብር የማልረሳው፣
አክባሪዎ ቢያዝን ክብረት

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ላንብብልሽ ብላት፣ ጽጌሬዳ «አይ አባባ፣ ትዕግስት ታንብብልኝ» ብላ ጎረቤታችንን አስጠራች። ከእንግዲህ ዓይኔ አየ ያልሁትን ሳያጣሩ የሚቀበሉኝ እርስዎና መሥሪያ ቤትዎ ብቻ ናችሁ።