የጋሽ እስቲልየው የሕይወት ታሪክ፣ ከመዶሻቸውና ከጎረቤታቸው ግድግዳ ጋር

ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ እስቲልየው እያለ የሚጠራቸው ቢላዋ ሠሪ፣ ከመኪና ጠጋኝ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1938 ዓ.ም. ከጋራዡ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ተወለዱ። ቅጽል ስማቸውን ያወጡላቸው የትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ናቸው። መምህሩ ሰሌዳ ላይ የጻፈውን መልስ እንኳ «እስቲ ልየው» ብለው በራሳቸው ደብተር ካላሰሉ አይቀበሉም ነበር።

ይህን ታሪክ የጻፈችው የእህታቸው ልጅ ናት። የጻፈችው ግን እሳቸው በሕይወት ሳሉ፣ በቀብራቸው ዕለት እንዲነበብ በእሳቸው ትእዛዝ ነው። ሁለት ጊዜ አስነብበው አርመውታል፤ በየገጹ ግርጌም ፈርመዋል። «አንቺ ስታዝኚ ታሳምሪያለሽ፣ ስትናደጂ ደግሞ ሰው ትዘነጥያለሽ። ስለዚህ እያየሁሽ ጻፊ» ብለዋታል። ከሞቱ በኋላ የተጨመረው መጨረሻው ብቻ ነው።

በ1957 ዓ.ም. ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በብረታ ብረት ሥራ ተመርቀው በቀጣዩ ዓመት የእርሻ መሣሪያ ፋብሪካ ገቡ። በ1964 ዓ.ም. ከአስተማሪዋ ባለቤታቸው ጋር ተጋቡ፤ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ። ባለቤታቸው ስለዚያ ዘመን ሲጠየቁ «ቀለበቱን እንኳ በሞረድ ሳይሞክር አላመጣልኝም» ይላሉ።

በ1967 ዓ.ም. የሆነው ግን ለቀልድ አይመችም። አንድ ጠዋት የፋብሪካውን ትልቁን የብረት መጭመቂያ ፕሬስ ከማስነሳታቸው በፊት «ተፈትሿል?» ብለው ጠየቁ። የፈረቃው ኃላፊ «ተፈትሿል፣ ሥራህን ሥራ» አለ። አልተፈተሸም ነበር። የግራ እጃቸው ሁለት ጣቶች እዚያው ቀሩ። ፋብሪካው በሪፖርቱ «በሠራተኛው ግድየለሽነት» ብሎ ጻፈ። ይህ ነጭ ውሸት ነው። ጠይቆ የተዋሸ ሰው ግድየለሽ አይባልም፤ ሳያይ «ተፈትሿል» ያለው ነው ግድየለሹ፣ እሱም በዓመቱ ዕድገት አገኘ። ጋሽ እስቲልየው ከዚያን ቀን ወዲህ በዓይናቸው ያላዩትን ነገር አላመኑም። «ተጠራጣሪ ናቸው» እያላችሁ በየደጃፉ ስታሟቸው የነበራችሁ፣ የጣቶቻቸውን ታሪክ ዛሬ ስሙት።

በ1993 ዓ.ም. ጡረታ ወጥተው በግቢያቸው ጥግ፣ የጎረቤታቸውን ግድግዳ ተደግፋ በቆመች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ ቢላዋ መቀጥቀጥ ጀመሩ። መዶሻ ሊገዙ ሲሄዱ ሻጮቹ «መጡ! እጀታዎቹን ደብቅ!» ይባባሉ ነበር። እሳቸው እያንዳንዱን እጀታ ወደ ብርሃን አንሥተው የእንጨቱ ጭረት ቀጥ ብሎ መውረዱን ያያሉ፤ በጥፍራቸው መታ መታ አድርገው ጆሯቸውን ይደቅናሉ። የመዶሻው ጠርዝ ስለት ካለው በጋለው ብረት ላይ ጠባሳ ይተዋል ብለው፣ የገዙትን ሁሉ ቤት ወስደው ጠርዙን በሞረድ ያለዝባሉ። ከባድ መዶሻ ለሚያማርጥ ጎረምሳ የሚሰጡት ምክር አንድ ነበር፦ «ከኪሎ ተኩል በላይ የምታነሣው ለሚስትህ ልትታይ ነው እንጂ ቢላዋ ልትሠራ አይደለም።»

ዕድሜያቸው ሲገፋ ክንዳቸው ደከመ። ተሠርቶ የሚሸጠውን የመዶሻ ማሽን አላመኑትም፤ «ውስጡ በቀለም የተሸፈነ ነገር አለው» አሉ። ስለዚህ በ1996 ዓ.ም. በሞተርና በቺንጊያ የሚዞር፣ አርባ ኪሎ ራስ ያለው፣ ክንዱ ከባሌስትራ የተሠራ የራሳቸውን መዶሻ ገነቡ። ከሥሩ ወፍራም ግንድና የጎማ ንጣፍ አደረጉለት። ሲመታ የጓዳው ብርጭቆ ሁሉ ይንጫጫ ነበር።

በዓመቱ ግንበኛው ጎረቤታቸው በሩን ደበደቡ። ግድግዳቸው ከታች እስከ መስኮቱ ድረስ ተሰንጥቋል።

«ይሄ የእርስዎ መዶሻ ቤቴን ሊያፈርሰው ነው!»

«እስቲ ልየው» አሉ ጋሽ እስቲልየው።

አዩት። አላመኑም። ስንጥቁ ላይ ቀጭን ወረቀት በሙጫ ለጠፉበት፤ ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ ወረቀቱ ይቀደዳል። ጎረቤታቸው ሌሊት መጥተው በጥፍራቸው ይቀድዱታል ብለው ስለጠረጠሩ ወረቀቱ ላይ ፈረሙ። ግንበኛውም በተራቸው፣ እሳቸው ሌላ ይለጥፋሉ ብለው ስለጠረጠሩ ከጎኑ ፈረሙ። በየቅዳሜው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እግድግዳው ሥር እየተገናኙ ወረቀቱን ሊያዩ፣ ያዩትንም በደብተር ጽፈው በጋራ ሊፈርሙ፣ ከተቀደደም አዲስ ሊለጥፉ ተስማሙ። ደብተሩ ሚስማር ላይ ተንጠለጠለ። በሦስተኛው ዓመት ላይ «እርስዎ» መባባሉ ቀርቶ «አንተ» ሆነ፤ ማን እንደጀመረው ግን ሁለቱም ይካካዱበታል።

በ1998 ዓ.ም. ጋሽ እስቲልየው ሙግቱን ለመቁረጥ መዶሻውን አቁመው በጭነት መኪና ክሪክ የሚሠራ ፕሬስ ሠሩ። ፕሬስ አይንጥም፤ የጋለውን ብረት ዝም ብሎ ይጨምቀዋል። ፍሬሙን ራሳቸው በየዱት፤ ብየዳውን ደግሞ ራሳቸውን ስላላመኑ ለሌላ በያጅ አሳዩት። ሥራውን ወደዱት፤ ቅሬታቸው ብረቱ ቶሎ ይቀዘቅዛል የሚል ብቻ ነበር። መዶሻው ስድስት ወር ተኛ። ወረቀቱ ግን በዚያ ስድስት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ተቀደደ።

እዚህ ላይ ነው ጥፋቱ የመጣው። በ1999 ዓ.ም. በሰፈሩ ስብሰባ ላይ፣ አርባ የሚሆን ሰው ባለበት፣ ጋሽ እስቲልየው ተነሥተው እንዲህ አሉ፦ «መዶሻዬ ተኝቷል፣ ግድግዳው ግን ይሰነጠቃል። እንግዲህ መሠረቱን የጣለውን ጠይቁት!» ያን ግድግዳ በእጃቸው የገነቡት ራሳቸው ጎረቤታቸው ነበሩ። ሰው ሳቀ። ዛሬ እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከልም የሳቃችሁ አላችሁ። ሁለት ቤተሰቦች ሊያሠሯቸው የነበረውን ቤት ለሌላ ሰጡ። ሠላሳ ዓመት ያለ ነቀፌታ የገነቡ ሰው «ግድግዳው የሚሰነጠቀው» ተባሉ። ይህ ስም እስከ ዛሬ አልተነሣላቸውም።

በ2003 ዓ.ም. ጋሽ እስቲልየው ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው አነበቡ። ወረቀቱ የተቀደደባቸው ቅዳሜዎች በሙሉ በዝናብ ወራት ነበሩ። መዶሻው ቀኑን ሙሉ በሠራበት በጋ አንድም አልተቀደደም። በማግስቱ ሲዘንብ ካፖርታቸውን ደርበው ከክፍላቸው ጀርባ ቆሙ። የራሳቸው የቆርቆሮ ክፍል አሸንዳ መጋጠሚያው ላይ ተላቆ፣ የጣሪያውን ውሃ ሁሉ በጎረቤታቸው መሠረት ሥር ያፈሰዋል። አፈሩ ጭቃ ሆኖ ሰምጧል። ዓለምን ሁሉ ሲፈትሹ የኖሩ ሰው የራሳቸውን አሸንዳ አላዩትም።

በነጋታው አሸንዳውን ወደ በሩ በኩል አዞሩት። ባለቤታቸው «ምን ሆኖ ነው?» ሲሏቸው «ዝጎ ነው» አሉ። ከዚያ ወዲህ ወረቀቱ ተቀድዶ አያውቅም። ለአሥራ ሦስት ዓመታት በየቅዳሜው ከጎረቤታቸው ጎን ቆመው «አልተቀደደም» ብለው ሲፈርሙ፣ የሚያውቁትን አልተናገሩም።

የእህታቸው ልጅ ይህን ስትሰማ ተቆጥታ ብዕሯን ጣለች። አጎቷን ለመከላከል ስንት ሰው አስቀይማለችና። እሳቸው ግን «አንሺው» አሉ፤ ቀጥሎ ያለውንም ቃል በቃል አስጻፏት፦ «የጎረቤቴ ግንብ እንከን የለውም፤ ኖሮትም አያውቅም። መሠረቱን ያራሰው የእኔ አሸንዳ ነው። አውቄ ዝም ያልኩት ፈርቼ ነው። ስሙን ያጠፋሁት በሰው ፊት ስለሆነ በሰው ፊት ይነበብ። በቁሜ ልለው አልቻልኩም።»

በ2015 ዓ.ም. ሳንባቸው ታመመ። ሐኪሙ ራጁን አይቶ ሲነግራቸው «እስቲ ልየው» ብለው ተቀብለው ወደ መስኮቱ አነሡት፤ ረጅም ጊዜ አዩና «ልክ ነህ» አሉት። ከእሳቸው አፍ ይህን ቃል የሰማ ሰው ጥቂት ነው። ከአንድ ዓመት ሕመም በኋላ ባለፈው ዐርብ ጠዋት በሰባ ስምንት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ አንድ እህታቸውንና ይህን የጻፈችውን የእህታቸውን ልጅ ትተው ሄደዋል።

ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት የእህታቸው ልጅ ለግንበኛው ወስዳ አነበበችላቸው። ይቆጣሉ ብላ ጠብቃ ነበር። እሳቸው እስከ መጨረሻው ሰምተው «የውሃን መንገድ የማያውቅ ግንበኛ አለ እንዴ ልጄ?» አሏት። «አሸንዳውን ያዞረ ዕለት ነው ያወቅሁት። ከአፉ እስኪወጣ ነበር በየቅዳሜው የምመጣው።»

«ታዲያ ጋሼ፣ ለምን አልጠየቋቸውም?»

«ጠይቄ ከሚሰጠኝ፣ ሳልጠይቅ ቢሰጠኝ ብዬ። ዘገየ፣ የማይረባ! ግን ፊርማው የራሱ ነው፤ አውቀዋለሁ።» ከዚያም አንድ ነገር ይታከልልኝ አሉ፦ «መዶሻውም ንጹሕ ነበር በይ። በሐሰት የከሰስኩት እኔ ነኝ።» እነሆ ታክሏል።

ትናንት ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ብቻቸውን መጡ። ወረቀቱን አዩ፣ ደብተሩን ከሚስማሩ አወረዱ፣ «አልተቀደደም» ብለው ጻፉና ፈረሙ። ከፊርማቸው አጠገብ ያለውን ቦታ ባዶ ተዉት።

የሁሉን ልብ የሚመረምር ፈጣሪ የጋሽ እስቲልየውን ነፍስ በምሕረቱ ይቀበል። በሩ ላይ ደርሰው «እስቲ ልየው» ቢሉም፣ ይታገሣቸው።