ብርቱካን የምትልጠው ሴትዮ አፍንጫ

ጥቅምት 6
ልብስ አጠብኩ፣ ምሳ ሠራሁ፣ ከዚያ እየሮጥኩ ሥዕል ክፍል። መምህሩ የአንድ የድሮ ሥዕል ቅጂ ሰጠን፤ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ብርቱካን የምትልጥ ባለ ሻሽ ሴትዮ። እሷን በዘይት ቀለም ደግመን መሥራት ነው። “ቀለሙ ከታች ስስ፣ ከላይ ወፍራም” ይላል መምህሩ፣ እንደ ጸሎት።

ማታ ባለቤቴን ዕቃ ቤቱን ለሥዕሌ ስጠኝ አልኩት። እሱ ለስፖርት ብስክሌቱ ፈልጎታል። ያቺ ብስክሌት ደግሞ... ከተገዛች ጀምሮ ልብስ ማስጫ ናት! “እሺ፣ ሴትዮዋን ሰው ካስመሰልሻት ክፍሉ ያንቺ” አለኝ። ሰው ካስመሰልሻት? ቆይ ብቻ!

ጥቅምት 13
ቡናማውን ቀለም በቲነር አቅጥኜ ጥላዋን ጣልኩ። ጭቃ ውስጥ የወደቀች መሰለች። “ቤቱ ጋራዥ ጋራዥ ሸተተ” አለ ባለቤቴ። ይሽተታ!

ኅዳር 2
ብርቱካኑ ተሳካ! ጥላ በጥቁር አይሠራም፤ ቡናማና ሰማያዊ ተደባልቆ ነው ለካ... ይህን ሁሉ ዘመን ሳላውቅ?

ኅዳር 9
አፍንጫዋ እምቢ አለኝ። ቅጂው ላይ ፊቷ ጭልምልም ብሏል። ዞር ስል ባለቤቴ ሶፋው ላይ ዜና እያየ አንቀላፍቷል፤ የመስኮቱ ብርሃን ልክ እንደሷ በጎኑ መጥቶበታል። እሱን አየት፣ እሷን ነካ... አፍንጫ ሆነ! ከንፈሩንም ወሰድኩ። አገጩንም። እሱ እንደሆነ አይነቃ!

ኅዳር 10
ጉዴ ፈላ። ጠዋት ሳያት ቁርጥ ባለቤቴ! ሻሽ አስሮ ብርቱካን ይልጣል። ለመምህሩ ወስጄ አሳየሁት። “እትዬ፣ ይህቺ ጺሟን የምትላጭ ትመስላለች።” ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔም ጭምር። “ሳይደርቅ ፊቷን በቢላዋ ይፋቁት” አለኝ። ባለቤቴ ቀድሞ ካየ ግን ዕቃ ቤቱም ሄደ፣ የዓመት መሳቂያም ሆንኩ።

ኅዳር 11
ቢላዋውን እንደያዝኩ የባለቤቴ እህት ከተፍ! ዓይኗ ሸራው ላይ ተተከለ።
“ወንድሜ! ና! ና እይ!”
ቢላዋውን ከኋላዬ ደበቅኩ። መጣ። ሁለቱም አፈጠጡ።
“እማዬ!” አለች።
“እማዬ...” አለ እሱም፣ ወደ ሸራው እየተጠጋ። “አንድ ፎቶ እንኳ የላትም... ከየት አገኘሻት?”
አማቴን! እኔ ከመምጣቴ በፊት የሞቱትን፣ በዓይኔ አይቻቸው የማላውቃቸውን! ምን ልበል? ዓይኔን በጨው ታጥቤ “ከልቤ ነው” አልኩ።

ኅዳር 18
ዕቃ ቤቱ የኔ ነው! ሸራ፣ ብሩሽ፣ ቀለም... ሁሉም ገባ። እህቱ ግን “እማዬ እኔ ጋ ነው የምትሆነው” ብላ ሥዕሉን አቅፋ ሄደች። ገና እርጥብ ነው ብል ማን ሰምቶኝ? አገጩ ቀሚሷ ላይ ታትሟል። ባለቤቴ አኮረፈ፤ ለሱም ሌላ እናት ልሥራለት ነው። መስኮቱ ጋ ወንበር አድርጌ፣ ብርቱካን አስይዤ አስቀመጥኩት።
“እኔ ምን ላደርግልሽ ነው?”
“ብርሃኑን ለማየት ነው። አትንቀሳቀስ።”
“ብርቱካኑንስ?”
“ልጠው።”
ይልጣል የኔ ጌታ። ሻሹን እንዴት እንደምነግረው ነው እንጂ...