ገባች እንጂ አላገባችም

ቢቸና፣ ጥቅምት 14 ቀን 2003 ዓ.ም.

መተማ ላሉት አባቴ ለአቶ ታዘበው፣

ደህና መሆንዎን ይህን ደብዳቤ የሚያደርሱልዎት ጋሽ ሰይድ ነግረውናል። ወፈር ብለው፣ ልብስዎም ታጥቦና ተተኩሶ አገኘኋቸው አሉን። ስለዚህ «እንዴት ሰነበቱ» እያልኩ ወረቀት አልጨርስም። እናቴ ደህና ናት። እኔ ግን ተናድጃለሁ። ይህን ቃል ለአባት መጻፍ ነውር ነው ይሉኝ ይሆናል፤ ቢሆንም አልሰርዘውም።

አጎቴ ምናለ የደወለልዎትን ቀን ያስታውሳሉ? ያን ቀን ጠዋት ማርቆስ መምህራን ኮሌጅ የሚገቡ ልጆች ስም ወረዳው ግቢ ተለጥፎ ነበር። የኔ ስምና የጋሽ ሰይድ ልጅ የዘሚራ ስም ጎን ለጎን ወጣ። ዘሚራ እየጮኸች አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እኔ መጮህ ስለማልችልበት ስሜን በጣቴ ነካ አደረግሁት። ለፈተና የጠሩን ጊዜ ጠያቂው «በዚህች ድምፅሽ ክፍል ሙሉ ልጅ ልታስተምሪ ነው?» ብሎኝ ስለነበር አልፋለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር።

እቤት ስንነግራቸው አጎቴ ስልኩን ይዞ ደጅ ወጣ። «ጋሼ! ወይንእሸት ልትገባ ነው! ኮሌጅ ልትገባ ነው!» እያለ ጮኸ። እርስዎም ከዚያ ሲጮኹ ሁላችንም ሰማንዎት።

«ልታገባ? እሰይ! ተመስገን! እናንተ ካያችሁት እኔ አየሁት ማለት ነው። እሺ ብያለሁ! በሉ ሙሽራዬን አገናኙኝ!»

እናቴ ሳቀች። «ይኼ ሰውዬ ቀልዱን መቼም አይተው» አለች። አጎቴ ግን አልሳቀም።

አንድ «አ» ናት፣ አባቴ። ገባችና አገባች። መሳሳትዎ አላናደደኝም፤ ስልክ ነው፣ ንፋስ ነው ልበል። ግን ልጄ ልታገባ ነው ብለው ካመኑ «ማንን?» አይባልም? «ትፈልገዋለች ወይ?» የሚለው ይቅር፤ «የማን ልጅ ነው?» እንኳን አይባልም? ወይፈን ስንሸጥ እንኳ ገዢው ማን እንደሆነ ሳይጠይቁ ቀርተው አያውቁም።

እሑድ ሽማግሌዎች ከሞጣ መጡ። አጎቴ ድሮ «አባቷ የለም» እያለ የመለሳቸው ናቸው። ልጁ ወፍጮ ቤት አለው አሉ። አጎቴ እግሩን አነባብሮ ተቀምጦ «አባቷ እሺ ብሏል፤ በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ» አላቸው።

እናቴ «ኧረ ምናለ! እሱ የተነገረው ሌላ!» ብትለው፣ «አንቺ ዝም በይ፤ የወንድሜን ቃል እኔ ነኝ የማውቀው» አላት። የእርስዎን ስልክ ብንሞክረው ዝግ ነው።

ከጓዳ ወጣሁ። እግሬ እንዴት እንዳወጣኝ አላውቅም። «ለአባቴ የተነገረው ኮሌጅ ልትገባ ነው ተብሎ ነው» አልኩ። ማንም አልሰማኝም። ትልቁ ሽማግሌ አባ ወልደ ሰንበት መዳፋቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው «ልጅቱ ምን አለች?» ብለው ጠየቁ።

አጎቴ «እሺ አለች» አላቸው።

ያኔ ጮህኩ። ያን የሚያህል ድምፅ የት ተቀምጦ እንደኖረ እንጃ። «አላልኩም! አላገባም! እገባለሁ ነው ያልኩት!»

የጎረቤት ሰው ሌባ መጣ ብሎ ዱላ ይዞ ደረሰ። አባ ወልደ ሰንበት ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። «አንተ ምናለ፣ ይኼማ ቅኔ ነው እንጂ እሺታ አይደለም። አባቷ ራሱ ቃሉን ይላክና እንመለሳለን» ብለው ተነሡ። አጎቴ ከዚያ ወዲህ ባየኝ ቁጥር «ጋሼ አንዲት ቃል ይላክልኝ እንጂ አስሬም ቢሆን እሰጥሻለሁ» ይለኛል።

እንግዲህ የሚጠበቀው የእርስዎ ቃል ነው። ለአጎቴ «ኮሌጅ ትግባ» ብለው ይላኩበት። «ኮሌጅ» የምትለዋን አይዝለሏት። ቢልኩም ባይልኩም ግን ሰኞ እኔና እናቴ በደጀን በኩል ማርቆስ እንሄዳለን። ስመዘገብ ከስሜ ቀጥሎ የእርስዎን ስም እጽፋለሁ። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ለማንም አልተናገርኩትም። ያን ቀን አጎቴ ስልኩን ሲሰጠኝ፣ ድምፄን እንደምንም አጠራቅሜ «አባዬ» አልኩ። ከኔ እኩል፣ ከእርስዎ ዘንድ የትንሽ ሴት ልጅ ድምፅ «አባዬ!» አለ። እርስዎም «ወዬ፣ የኔ እናት» አሉ። ለኔ መስሎኝ ልመልስልዎ አፌን ከፍቼ ነበር። «መጣሁ፣ ስልኩን ልጨርስ» ሲሏት ነው የገባኝ። ከዚያ ተቋረጠ።

እናቴ «ምን አለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ንፋስ ነው፣ አልሰማ አለኝ» አልኳት። ፊቴን ትንሽ አየችኝና ወደ ሥራዋ ዞረች። ከዚያ ቀን ወዲህ «አባትሽ መቼ ይመጣ ይሆን» ማለት ትታለች።

እግዚአብሔር የበረሃውን ወባ ያርቅልዎት። ለእጅዎም ለእግርዎም ጤና ይስጥልኝ። ሲመርቁኝ የኖሩትን እኔም ልመርቅዎ፤ ወልደው ለመሳም፣ ተናግረው ለመደመጥ ያብቃዎ። ያቺ ልጅ ስሟን ስላላወቅሁ ሰላምታ ልልክላት አልቻልኩም። ለትምህርት ስትደርስ ግን እሷም «አባዬ፣ ልግባ» ትልዎታለች። ድምፅዋ እንደኔ ትንሽ ከሆነ፣ እባክዎ እሷን ደግመው ያድምጧት።

ያላገባችው ልጅዎ
ወይንእሸት ታዘበው