የበርሜሉ ቀዳዳ

ልጄ፣

ግቢ ውስጥ ያለውን የበርሜል ቀዳዳ ጠዋት ደፈንኩት። አርባ ዓመት ቧንቧ የሠራ ሰው የሚያፈስ ነገር አይቶ አያልፍም። ሆን ብለሽ እንደበሳሽው ያወቅሁት ጠረጴዛው ላይ የተውሽውን፣ የተበሳ በርሜል ውሃ እንዴት እየቀነሰ እንደሚሄድ የሚያሰላውን፣ ነገ የምታስረክቢውን የዲፈረንሻል እኩልታ የቤት ሥራ ሳይ ነው። አስቀድመሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?

ለማንኛውም ውሃ ሞልቼ መልሼ ከፍቼዋለሁ። «መነሻው ካልታወቀ አንድ መልስ አይገኝም» ስትዪ ሰምቻለሁ። እንግዲህ መነሻሽን ጻፊ፦ ልክ ሦስት ሰዓት ላይ የውሃው ከፍታ ሰማንያ ሳንቲ ሜትር ነበር። በሚስማር ጭሬ ምልክት አድርጌበታለሁ።

ዳቦው ጨርቅ ውስጥ ነው። ትልቁ ቁራጭ ያንቺ ነው።

ውሃው ስንት ሰዓት እንደሚያልቅ አስልተሽ በሩ ላይ ለጥፊ። እኔ በዓይኔ ስድስት ተኩል ብያለሁ። ከዚያ በፊት እመለሳለሁ።
ካሸነፍሽኝ ትናንት የተውሽውን ሳህን እኔ አጥባለሁ።

አጎትሽ