መዳፏን ሲበላት

ይድረስ ሰመራ ላለኸው ልጄ ለደግሰው። የአሸተኗ ማርያም በሰው አገር ከክፉ ትጋርድህ። እኔ እናትህ ደህና ነኝ፤ የብልባላው ቤትህም ደህና ነው።

ሚስትህ ማርያማዊት አኮራችኝ። መዳፏን በበላት ቁጥር «ደግሰውን ልትጨብጪው ነው» እያልን ስንስቅ ሰነበትን። እሷ ግን «እማዬ፣ ይኼ የእንግዳ አይደለም፤ እንቅልፍ ነሳኝ፣ ሽንቴም ጠቆረ» ብላ፣ ያን ሆዷን ይዛ ላሊበላ ሄዳ ተመረመረች። ሐኪሙ «እርግዝናው ጉበቷን አውኮት ሐሞቷ በወጉ አልወርድ ብሏል፤ ደግ አድርጋ መጣች» ሲለኝ፣ የማን ምራት መሰለችህ አልኩት!

አሁን ኪኒኗን እየዋጠች ማሳከኩ በርዶላታል። ለልጁ ይሻላል ብለው ከቀኗ ቀደም አድርገው ያዋልዷታል፤ እስከዚያ ሆስፒታሉ አጠገብ ካለው የእናቶች ማቆያ አብሬያት አለሁ። ጠዋት ጠዋት ሆዷን እዳብሳለሁ፤ ለጨዋታ ነው። ትናንት ልጁ ዝም ብሎ ስላረፈደ አዋላጇን ጠራኋት፤ እንዲያው ለሰላምታ። ልቡ እንደ ከበሮ ይመታል አለችኝ፤ እንዳንተ እንቅልፋም ቢሆን ነው። የሕፃን ልብስ አልገዛሁም፤ ምን ያስቸኩላል?

ማርያማዊት ናፍቆቷ ብዙ ነው። ዛሬ ደግሞ እኔን መዳፌን በላኝ። እኔ እርጉዝ አይደለሁም፤ አንተ ልትመጣ ነው ማለት ነው።

እናትህ ይማርሽ