ስኮፑ የሞተበት ሳምንት

ጥቅምት 3፣ ሰኞ፣ ከጧቱ 2 ሰዓት

ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። መርፌ ላይ ክር አስገባለሁ። ካልሲዬን ራሴ አጥባለሁ። በዚህ የሶማሌ ከተማ፣ ከቤቴ ከ31 ሜይ ሰፈር እስከ ጋአን ሊባህ ሱቄ ድረስ በእግሬ ነው። ባጃጅ ለደካማ ነው። የፍሪጅ ቦርድ፣ ቴሌቪዥን፣ የመስጊድ ድምፅ ማጉያ እጠግናለሁ። እጄ አይንቀጠቀጥም። (ጧት ትንሽ። ሻይ እስክጠጣ።)

ደብተር፣ ተናድጃለሁ። ስኮፑ ከዳኝ። በሽቦ ውስጥ የሚሮጠውን ሞገድ በስክሪን የሚያሳየኝ ርካሹ ማሽን። ስገዛው ሁለት ቺፖች ሲያወሩ የሚሉትን ሳይቀር በቁጥር ይጽፍልኝ ነበር። ዛሬ እንግሊዝኛ አወጣ። ጎረቤቴ ሆዳን አነበበችልኝ፤ የሙከራ ጊዜው አብቅቷል፣ ጨምረህ ክፈል ነው የሚለው። አቅምሶ መንጠቅ! ያውም የሐዋ የፍሪጅ ቦርድ ጠረጴዛዬ ላይ እያለ። ሐዋ የግመል ወተት ትሸጣለች፤ ወተቱ እየተበላሸባት ነው። የቦርዱ ሁለት ቺፖች ተኳርፈዋል። የትኛው እንዳኮረፈ ያለ ስኮፑ አላውቅም።

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

ሆዳን ሞባይል ትጠግናለች። አ.አ. ነው የተማረችው፤ አማርኛዋ ከኔ ይጣፍጣል። ኢንተርኔት ላይ ሰዎች የስኮፑን ፈርምዌር፣ ማለት ማሽኑ የሚታዘዝበትን ጽሑፍ፣ ለውጠው የተዘጋውን ከፍተዋል አለች። ግን ከተሳሳቱ ማሽኑ ይሞታል።

አዴር፣ አጎቴ ማለቷ ነው፣ ተወው፣ እኔ ልሥራልህ አለችኝ። ማን ሰጥቶሽ! ላፕቶፕሽንና ፍላሽሽን ብቻ አውሺኝ አልኳት። የኢንተርኔቱን ፊደል አንድ በአንድ እያየሁ ፈርምዌሩን ቀየርኩ። የቱ ዜሮ የቱ ኦ እንደሆነ እ/ር ይወቅ።

አስቴር ከድሬዳዋ ደወለች። ልጄ ናት። እናቷ ካረፈች ወዲህ በየሳምንቱ ያው ነው፤ ሱቁን ዝጋ፣ ደክመሃል፣ ክፍልህ ተቀብቷል። ደሜ ፈላ። ይህን ማሽን ከገደልኩ ሱቄን ቆልፌ እመጣለሁ አልኳት። ደስ አላት። በጣም ደስ አላት።

«አባዬ፣ አልጋ ልግዛ?»

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ፣ 8 ሰዓት

መንደሩ ጫት ላይ ነው። ጸጥታ። ፍላሹን ሰካሁ። ጫንኩ።

ጠቆረ።

አጠፋሁ፣ አበራሁ። ምንም። አስቴር ደወለች። ሞተ? ተኝቷል አልኳት። አልጋውን ከነፍራሹ ገዝታለች። ሜትር ከሃያ።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

ተነሳ! የድሮ ሬዲዮ እንደምቀሰቅሰው፣ ቁልፎቹን በተራ ተጭኜ እየያዝኩ አበራሁት። በአሥራ አንደኛው ቁልፍ ነቃ። እንደ ጨቅላ ሁሉን ረስቷል፤ ቀን ጠየቀኝ። ይችን እንኳ ያለ ሆዳን አውቃለሁ። ዓ.ም.፣ ወር፣ ቀን ሞላሁ። የተዘጋው በሙሉ ክፍት!

ስኮፑን ቦርዱ ላይ ሰካሁ። አንዱ ቺፕ ይጣራል፣ ሌላው ዝም። ብየዳው ተሰንጥቋል። በየድኩት። ፍሪጁ ተነሳ። ሐዋ እልል አለች።

በሱቆቹ ረድፍ ላሉ ሦስት ጠጋኞች ፈርምዌር ለዋጭ ነኝ ብዬ አወጅኩ። ለሆዳንም፣ ዲግሪሽን ቀቅለሽ ጠጪው አልኳት። ሰው እየሰማ። ያንቺንም ስኮፕ አምጪ፣ ያው ዓይነት ነው፣ እከፍትልሻለሁ አልኳት።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ሆዳን ስኮፗን አመጣች። ያንኑ ፍላሽ ሰካሁ። ጠቆረ። በአሥራ አንደኛው ቁልፍ አስነሳሁት። ቀኑን ራሷ ሞላች። ዝግ! የኔ ክፍት፣ የሷ ዝግ።

የኔን ወስዳ ነካካች። ከዚያ መሬት ቁጭ ብላ ሳቀች። እንባዋ እስኪወርድ።

«አዴር፣ ስንት ዓመተ ምሕረት ብለህ ሞላኸው?»

«ሁለት ሺህ አሥራ ስምንት። ስንት ልበል ታዲያ?»

ማሽኑ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። የሙከራው ማብቂያ ቀን ውስጡ ተጽፏል። እኔ የኛን ዓመት ስሰጠው ገና ሰባት ዓመት ከምናምን የቀረው መሰለው። የጻፍኩት ፈርምዌር አልገባም፤ ቁልፉ የመለሰው የፋብሪካውን ነው። ለዋጭ አይደለሁም።

ለማንም አልናገርም፣ ወላሂ አለች። የሷንም በኛ ዓ.ም. ሞላችው። ተከፈተ።

እሷ ባትናገር እኔ አውቃለሁ።

ያለብኝ ዕዳ፣ ራሴ የምከፍለው፤

ለሆዳን፣ ፍላሿን መመለስ። ስለ ዲግሪዋ ይቅርታ። በሶማልኛ፣ ሰው እየሰማ።

ለሦስቱ ጠጋኞች፣ በየሱቃቸው ሄጄ ነገሩ የካላንደር እንጂ የእጄ እንዳልሆነ መንገር። ቁልፏን ግን ያገኘሁት እኔ ነኝ።

ለአስቴር፣ ማሽኑ ሞቶ እንደነበር መንገር። ነገ ራሴ እደውላለሁ። ቃል ቃል ነው፣ እመጣለሁ። የሙከራ ጊዜው አብቅቷል ብሎ ማሽኑ ዳግመኛ የነገረኝ ዕለት፣ በዚያው ቀን ሱቁን እቆልፋለሁ።

እስከዚያው የፍራሹን ላስቲክ እንዳትቀድ።