ኤሊ የለበትም ያልኩት ባሕር

ጥቅምት 4

ካርታው ዛሬ ወደብ ወረደ። ያን ሁሉ ጊዜ ኮምፒውተር ላይ ተደፍቼ የሠራሁት ጉድ በፕላስቲክ ተለብጦ ከበረዶ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ቀይ፦ የባሕር ኤሊ ሊኖር ይችላል፣ መረብ አትጣሉ። አረንጓዴ፦ ጣሉ። በቃ። ከዚህ በላይ ማን ያነባል?

ዓሣ አጥማጆቹ እጃቸውን አጣምረው ሲያዩት ቆዩ። አንዱ፣ "ኤሊዎቹስ አንብበውታል?" አለ። ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ...

ሳቁን ያስቆመው ወንድሜ ነው። ጋሼ ሲናገር ወደቡ ያዳምጣል፤ እንዲያ ያለ ሰው ነው። ካርታው የራሱን ቦታ፣ አባታችን ዕድሜ ልኩን መረብ የጣለበትን፣ ቀይ አድርጎበታል። እሱ ግን፣ "እህቴ ናት የሠራችው። ነገ ደቡቡ አረንጓዴ ላይ እኔ እጥላለሁ። ባዶዬን ከመጣሁ ያኔ ትስቃላችሁ።" ሲያልፍ ደግሞ በክርኑ ጎሰም አድርጎኝ፣ "ሚጣ፣ እንዳታዋርጂኝ።"

እየሳቀ ነው ያለው። እየሳቀ ነበር አይደል?

ጨዋታ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ኤሊ እንደ ዓሣ አይደለም፤ አየር ለመሳብ ወደ ላይ መውጣት አለበት። መረብ ውስጥ ከቀረ ይሰምጣል። ዘንድሮም እንደ አምናው ከሞቱ ወደቡ በሙሉ ለመረብ ይዘጋል ተብሏል።

ጥቅምት 9

በጋሼ መረብ ዓሣ እንጂ ኤሊ የለም! ሌሎቹም አንድ በአንድ መከተል ጀምረዋል።

ባልደረባዬ (ወሬ ቀድሟት ስለማያውቅ "ሬዲዮ" ነው የምንላት) ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ፣ "አንቺ፣ ወንድምሽ እኮ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ሲያስተምር ነው የዋለው! 'ኤሊ ሞቅ ያለ ውሃ ይወዳል' ይላል። ሳተላይት ምናምን ይላል። ፕሮፌሰር ብለውታል።" ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ። አሥረኛ ክፍል ሒሳብ የጣለው ጋሼ! ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ ትንሽ አለቀስኩ። ሰው እንዲህ ሲኮራብኝ አልለመድኩትማ።

ጥቅምት 17

እንዴት ልጻፈው...

የወንድሜ ሚስት ደወለች። "ወደብ ነይ" አለችኝ። ሌላ ቃል የለም። ታመመ ብዬ ነው በነጠላ ጫማ የሮጥኩት።

የጋሼ ጀልባ ላይ ኤሊዎች ተደርድረዋል። ሞተዋል። ከደቡቡ ጥልቅ ውሃ ነው ያወጣቸው። እኔ አረንጓዴ ከቀባሁት ቦታ፣ እየራቀ ሄዶ፣ ከመጨረሻው ጫፍ። አንዷ ሲያወጧት ትተነፍስ ነበር አሉ። ጋሼ መሪውን ለሠራተኛው ሰጥቶ፣ ከሳንባዋ ውሃው እንዲወርድ የኋላዋን ከፍ አድርጎ፣ እርጥብ ጨርቅ አልብሷት፣ ወደብ እስኪገቡ ከአጠገቧ አልተነሳም። ስደርስ እጁ አሁንም ጀርባዋ ላይ ነው።

"ጋሼ..."

"ትተነፍሳለች" አለኝ።

አትተነፍስም ነበር።

ከወደቡ በኩል አንዱ፣ "ፕሮፌሰር! ፈተናው እንዴት ነበር?" ብሎ ጮኸ። የሳቀለት ብዙ ነው። ሰሞኑን ከኋላው ሲከተሉ የነበሩት ሳይቀሩ።

ጋሼ ቀና አለ። ወደነሱ አይደለም፤ ወደ እኔ። "ሚጣ፣ አረንጓዴ ነው ብለሽኝ ነበር እኮ።"

አልጮኸም። ምናለ ቢጮህብኝ።

ጥቅምት 18

አገኘሁት። ባላገኘው ይሻል ነበር?

ካርታውን የሚያወጣው የኮምፒውተር ሞዴል የሚማረው ጀልባ ላይ ከሚሳፈሩ ታዛቢዎች ነው። ኤሊ ታየ፣ የት ታየ፣ ውሃው ምን ያህል ሞቃት ነበር። ታዲያ ወደዚያ ጥልቅ ውሃ ታዛቢ የጫነ ጀልባ ሄዶ አያውቅም። ሪፖርት የለም። እኔስ ምን አድርጌ አስገባሁት? ዜሮ። ማንም ያላየውን "የለም" ብዬ አስገባሁት። የሰው በር ሳያንኳኩ "ቤት ውስጥ ማንም የለም" ብሎ መመለስ ማለት እኮ ነው! ሞዴሉ ምን ያድርግ፤ ያልኩትን አመነ። ጋሼም አመነ።

ለአለቃዬ ነገርኩት። "ያጋጥማል፤ ሞዴል ነው" አለኝና ስልኩን አነሳ።

ጥቅምት 22

ከጋሼ ጋር የሚሠሩት ሁለቱ ሰዎች ሌላ ጀልባ ገቡ። ሬዲዮ ናት የነገረችኝ። ወሬ እያወራች ዓይኔን ያላየችበት የመጀመሪያዋ ቀን ነው።

ጋሼ ስልክ አያነሳም።

ጥቅምት 26

ጋሼ ቢሮ መጣ። ጢሙን ተላጭቶ፣ የሠርጉን ጫማ አድርጎ። ሐኪም ፊት እንደሚቀመጥ ሰው ሳይደገፍ ተቀመጠ።

"መረቡ የት የት እንደነበረ ልንገርሽ መጣሁ። ጻፊ።"

ቦታ ከሚመዘግበው የጀልባው መሣሪያ ላይ የቀዳውን አንድ በአንድ ነገረኝ፤ እኔም አስገባሁ። እየጻፍኩ ነው የገባኝ። ኤሊዎቹ የነበሩት ሞቃቱና ቀዝቃዛው ውሃ የሚገናኝበት ጠርዝ ላይ ነው። ጠርዙ ደግሞ ደቡቡን ከዳር እስከ ዳር ያቋርጠዋል። እጄን ከኪቦርዱ አነሳሁ።

"ጋሼ፣ ይሄ ከገባ ደቡቡ በሙሉ ቀይ ይሆናል።"

"ይቅላ።"

"የሚቀረው አረንጓዴ ሰሜን ብቻ ነው። ሩቅ ነው። ያንተ ሞተር..."

"ሞተሬን አንቺ ነሽ የምታስተዋውቂኝ?" ትንሽ ፈገግ ያለ መሰለኝ። ወይ እንዲል ፈልጌ ይሆናል። "ጻፊ አልኩሽ። ሌላ ሰው እንደኔ እጁን ጭኖ አይቀመጥባቸው።"

ጻፍኩ። ወንድሜን ከባሕር የሚያስወጣውን በገዛ ጣቶቼ ጻፍኩት። አመስግኖኝ ወጣ። አመሰገነኝ! የባንክ ቤት ሠራተኛ የሆንኩ ይመስል...

ኅዳር 3

አዲሱ ካርታ ተለጠፈ። ሦስተኛ ቀለም ጨመርኩ፦ ግራጫ። አናውቅም ማለት ነው። አለቃዬ ፊቱ ተቀያየረ። "መሥሪያ ቤቱ አያውቅም ተብሎ ሰው ፊት ይለጠፋል?" "ይለጠፋል" አልኩት። ድምፄ ከየት እንደመጣ እንጃ።

የዓሣ አጥማጆቹ ማኅበር ስብሰባ ላይ ግን ማን ያምነኛል? "አንዴ ጉድ ሠርታናለች፣ ደግሞ በግራጫ መጣች!" ተባለ። ልክ ናቸው። ያኔ ጋሼ ከኋላ ወንበር ተነሳ። "መረቡ የኔ ነበር። ያወጣኋቸውም እኔ ነኝ። የቦታውን ልክ የነገርኳትም እኔ ነኝ። አሁን ልክ ነው፤ ተከተሉት።" ተቀመጠ። ማንም አልሳቀም።

ወደ እኔ አላየም። ስብሰባው እስኪያልቅ ጠበቅኩት፤ በጎን በር ወጥቷል።

ኅዳር 19

ጀልባውን ሸጠው። ሌላ ባሕር ዳርቻ ሄዶ በሰው ጀልባ ላይ ሊቀጠር ነው። ሰው ሲያዝዝ የኖረ ሰው...

ሚስቱ ዕቃ ስታስር አገዝኳት። ሳህን በጋዜጣ እየጠቀለልን፣ "እትዬ፣ ተቀይሞኛል አይደል?" አልኳት።

"አልተቀየመሽም።"

"ታዲያ ለምን አያናግረኝም?"

ሳህኑን አስቀምጣ ትክ ብላ አየችኝ። "ካናገረሽ ይቀየምሻላ። እሱን ነው የሚፈራው።"

ታኅሣሥ 6

ሄዱ። መኪናው ሲነሳ ጋሼ መስኮቱን ዝቅ አደረገ። የሆነ ነገር ሊለኝ ነው ብዬ ተጠጋሁ። "ቁልፉን ለአከራዩ ስጪልን" አለኝ።

ታኅሣሥ 30

ዛሬም አንድም ኤሊ አልተያዘም።

ጥር 12

ወደቡ አይዘጋም። ደብዳቤው ጠዋት ደረሰ። አለቃዬ ኬክ አስመጥቶ ንግግር አደረገ፤ "የኛ ግራጫ" እያለ። የኛ! ሬዲዮ ጠረጴዛ ሥር እግሬን ረገጠችኝ፤ ሳቄን እንደምንም ዋጥኩት። ለረጅም ጊዜ ስቄ አላውቅም ነበር። ወደብ ስወርድ ያ "ኤሊዎቹስ አንብበውታል?" ያለው ሰውዬ ከጀልባው ላይ እጁን አውለበለበልኝ። ደስ አለኝ፤ ውሸት አልጽፍም። ከዚያ ጋሼ ጀልባውን ያስር የነበረበት ቦታ ደረስኩ። ሌላ ጀልባ ታስሮበታል።

ማታ ስልኬ ጮኸ። ጋሼ! ራሱ! ድምፁን ስሰማ ቁጭ አልኩ፤ ወለሉ ላይ።

ወደቡ እንዳልተዘጋ ሰምቷል። "ጎበዝ" አለኝ። ሥራ እንዴት ነው አልኩት። ደህና ነው አለ። ከኋላው ሞተር ይሰማል፣ የማላውቃቸው ሰዎች ይጯጯሃሉ።

"የጀልባው አዛዥ ልጅ እግር ነው" አለኝ። "የት ብንጥል ይሻላል ብሎ ጠየቀኝ ዛሬ።"

"ምን አልከው?"

"አላውቅም አልኩት።"

ባሕር ላይ አርጅቶ፣ አባታችን ከሞተ ጀምሮ ወደቡ ሁሉ ሲጠይቀው ኖሮ... አላውቅም። ልርዳው ብዬ ይሁን ምን ይሁን፣ "እኔም ያንን ባሕር አላውቀውም ጋሼ" አልኩት።

ሞተሩ ብቻ ይሰማል።

"ያኔም እንዲህ ብትይኝ ኖሮ" አለ፤ ቀስ ብሎ፣ ያለ ቁጣ። "በይ፣ እየጠሩኝ ነው።"

ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት ስልኩ ተዘግቷል።